የአባቴ ሁለት ሌባ

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻው ልጄ የብስክሌቱን ጎማ አውልቆ መልሶ መግጠም አቃተው። ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ሲታገል በመስኮት አየሁት። የልብስ ሳሙና በጣሳ በጥብጬ ወጣሁና የጎማውን ጠርዝ ዙሪያውን ቀባሁለት። እርጥብ ጎማና ሳሙና አንድ ላይ ሲሸቱኝ እጄ ቀጥ አለ።

ልጄ ምን ሆንሽ አለኝ። ምንም አልሆንኩም አልኩት። ግን ደብረ ታቦር ገብቼ ነበር፤ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ፣ በሁዳዴ ጾም፣ እናቴ አጠገብ ተንበርክኬ።

ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው አልመጣም፤ አስፋልቱም አልደረሰም። ከተማችን ብርዷ ብዙ፣ መኪናዋ ጥቂት ነበር። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ብስክሌት አከራይ ነበር። ያሉት ብስክሌቶች ሦስት ናቸው፤ ቀዩ፣ አረንጓዴውና ትንሿ እንላቸው ነበር። ከቤታችን ፊት ለፊት ካለው ሜዳ ዳር ያቆማቸዋል። ልጆች ይሰለፉና በየተራ ሜዳውን አንድ ዙር ይዞራሉ። አንዱ ዞሮ ሲመለስ ቀጣዩ ባለተራ ገና ሳይወርድ መሪውን ይይዝበታል። አባቴ ከድንጋዩ ላይ ሳይነሳ ይስቃል፤ "አውርደው እንጂ አትጣለው" ይላል።

ሲመሻሽ ልጆቹ ሲበተኑ ቀዩን ለእኔ ይሰጠኛል። ኮርቻው ላይ መድረስ ስለማልችል እግሬን በብረቱ መሀል አሾልኬ፣ ጎኔን አጣምሜ እጋልባለሁ። አባቴ ከኋላዬ እየሮጠ ይከተለኛል። እስትንፋሱ እስካሁን ይሰማኛል።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ዘመድ ሊጠይቅ ወደ ይፋግ ወረደ። ቆላው ወባ ነበረበት። ታሞ ተመለሰ፤ ኅዳር ሚካኤልን አላየም። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም። ጌታ ያውቃል።

ከአርባው በኋላ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አያ ምስጋናው፣ እናቴን አስቀምጠው አነጋገሯት። አጎቴ በአንበሳሜ በኩል ያሉ ገበሬ ናቸው። ደግ ሰው ነበሩ፤ ክፉ አስበው አልመጡም።

"እንጉዳይ፣ ሳይክል ወተት አይሰጥም" አሏት። "እሸጥልሽና ጊደር እገዛልሻለሁ። እኛ ዘንድ ትኖራላችሁ።"

እናቴ አንገቷን ደፋች። ከዚያ እኔው ራሴ ባከራያቸውስ አለች።

"ማከራየቱንስ ታከራያለሽ። ጎማ ሲበሳ ማን ይገጥምልሻል? ወንድ የለሽ።"

እናቴ አልተከራከረችም። እስከ ፋሲካ እንዲታገሷት ብቻ ለመነች። ለፋሲካ ሲመጡ ብስክሌቶቹን ሲሠሩ ካገኟቸው እንዲተዉላት፣ ካልሆነ ግን ያሉት ይሁን አለች። አጎቴም እሺ አሉ።

እናቴ ለምን እንደለመነች ልጅ ብሆንም ገብቶኝ ነበር። በአጎቴ ቀዬ ትምህርት ቤቱ ከወንዝ ማዶ ነው። የአጎቴ ሴት ልጆች ሁለተኛ ክፍል ላይ ቀርተዋል። ደብረ ታቦርን ከለቀቅን እኔም ከአራተኛ ክፍል አላልፍም።

ችግሩ ጎማው ነበር። ብስክሌቶቹ ላይ የነበሩት አሮጌ ጎማዎች የሜዳው ኮረት በልቷቸው ክራቸው ይታያል። አባቴ ለገና ብሎ አዳዲስ ጎማዎች ገዝቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ነበር። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቁ፣ እንደ ብረት የደረቁ ናቸው። እናቴ አንዱን ታወርደዋለች፣ በእጇ ትፈትሸዋለች፣ መልሳ ትሰቅለዋለች። አውራ ጎዳናው ዳር ጎማ ቤት አለ፤ አንድ ጊዜ ቢያስገጥሙት ይገጥማሉ። ነገር ግን የሚከራይ ብስክሌት በየሁለት ቀኑ ይበሳል። ሁልጊዜ እዚያ ከተሮጠ ብስክሌቱ የጎማ ቤቱ ሆነ ማለት ነው።

ጎረቤታችን ጋሽ ታከለ ድሮ የከባድ መኪና ጎሚስታ ነበሩ። አባቴን ሙያውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። በዚያ ጊዜ ግን ጣቶቻቸውን ቁርጥማት ይዟቸው አይታጠፉላቸውም፤ ብርጭቆ እንኳ የሚያነሱት በሁለት መዳፋቸው ነው። የሚረዱት በአፋቸው ብቻ ነበር። አፋቸው ደግሞ አልደከመም።

ጾሙ እንደገባ ሰሞን ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሽ ታከለ ከእናቴ ጋር ሲያወሩ በሩ ላይ ደረስኩ።

"ባልሽ ሁለት ሌባ ነበሩት" ይሏታል። "ከሱ አይለዩም። እነሱን ካላገኘሽ ይሄ ነገር አይሆንልሽም።"

እናቴም፣ "እኔ የት ብዬ ላግኛቸው?" አለች።

እዚያው በሩ ላይ ቀረሁ። አባቴ ሁለት ሌባ ነበሩት። የማይለዩት። አባቴ በየጠዋቱ ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለም ሥራ የማይጀምር ሰው ነው። ጋሽ ታከለ ደግሞ ውሸት አይናገሩም።

ለማንም አልተነፈስኩም። ሌቦቹን ብቻ መፈለግ ጀመርኩ። አባቴ ዘንድ የሚመላለሱት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ልብስ ሰፊ፣ አንዱ ጨው ነጋዴ። ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ አባቴን መሀል አድርገው ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ይቀመጡ ነበር። እነሱ መሆን አለባቸው አልኩ። ከዚያ ወዲያ ልብስ ሰፊው መንገድ ላይ ጉንጬን ሊስመኝ ጎንበስ ሲል ደብተሬን አቅፌ እሮጣለሁ። ሰውየው አባቷን ስታስብ ነው ብሎ ከንፈሩን ይመጥልኛል።

እናቴ ያለውን ይዛ ሞከረች። አንድ ቀን አረንጓዴውን ገልብጣ በካቻቢቴና በማንኪያ እጀታ ጎማውን ልታወልቅ ታገለች። ማንኪያው ተጣመመ። ካቻቢቴው ገባ፤ ግን ጎማውን አልፎ አየር የሚይዘውን የውስጥ ላስቲክ፣ ካላማዳሪውን፣ ወጋው። ጋሽ ታከለ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ጎማ በካቻቢቴ አይነካም እኮ። ያለ ሌባ አይሆንም አልኩሽ።"

ደፍ ላይ ተቀምጬ ሰማሁ። እናቴ ብስክሌቶቹን ለማዳን ከሌቦች ጋር ልትተባበር ነው ብዬ አሰብኩ። በጾም። አማተብኩ። እናቴ የእኔን ማማተብ አይታ እሷም አማተበች፤ ለሥራው መቃናት እየጸለይኩላት መስሏታል።

እንዲህ ሆኖ ሕማማት ገባ። ሳምንቱ በሰላምታ የማይሳሳሙበት፣ መስቀል የማይሳለሙበት ነው። ልብስ ሰፊው ስለማይስመኝ ደስ አለኝ።

ስቅለት ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ስንሰግድ ዋልን። እናቴ ነጠላዋን መስቀልያ አጣፍታ፣ ያለ ድምፅ ትሰግዳለች። ከሰዓት በኋላ ሰባኪው በጌታችን ቀኝና ግራ ስለተሰቀሉት ወንበዴዎች ተናገሩ። እነዚህ ሁለት ሌቦች ሲሉ ጆሮዬ ቆመ። የግራው ሰደበ፤ የቀኙ አስበኝ ብሎ ለመነና ገነት ገባ። ልብስ ሰፊውና ጨው ነጋዴው ከግንቡ ሥር በየት በየት በኩል ይቀመጡ እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። አልመጣልኝም። ከሁለት አንዱ እንኳ ከዳነ ለአባቴ ይለምንለታል አልኩ።

በመጨረሻ ቄሱ በየተራ ጀርባችንን በወይራ ቅጠል መታ መታ እያደረጉ የምንሰግደውን ስግደት ያዙናል። ለእኔ ለልጅ የሚሆን ጥቂት አዘዙኝ።

"የአባቴንም ይጨምሩልኝ" አልኳቸው።

ቄሱ ወይራውን እንደያዙ እናቴን አዩዋት። እናቴ እኔን አየችኝ።

ወደ ቤት ስንወርድ፣ ቁልቁለቱ ላይ ቆመችና ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ጠየቀችኝ።

"ሌቦቹ ስላሉበት" አልኳት።

"የምን ሌቦች?"

"ጋሽ ታከለ ያሉሽ። ሁለቱ። ከአባዬ የማይለዩት።"

 እናቴ ነጠላዋን በአፏ ላይ ያዘች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ያለቀሰች መስሎኝ እጇን ያዝኳት። እየሳቀች ነበር። አባቴ ካረፈ ጀምሮ ስትስቅ አላየኋትም። "ይቅር በለኝ፣ በስቅለት ቀን" እያለች ታማትባለች፤ አማትባ ሳትጨርስ ሳቁ እንደገና ያመልጣታል። ቀጥሎም እንባዋ መጣ። ከእኛ ኋላ ይወርዱ የነበሩ ሴቶች ሐዘኗ ተቀስቅሶባት ነው ብለው አልፈውን ሄዱ።

"ብረት ነው፣ ልጄ" አለችኝ ፊቷን ጠርጋ። "የጎማ ማውለቂያ ብረት። ስንዝር የሚያህል፣ ጫፉ እንደ ምላስ ቀና ያለ።"

ካደግሁ በኋላ ስሰማ ቃሉ የጣልያን ነው፤ ሌቫ ይሉታል። ጋሽ ታከለ ግን ዕድሜ ልካቸውን ሌባ ሲሉት ኖሩ፤ አባቴም ከእሳቸው ሰምቶ ሌባ አለው። የአባቴ ሁለቱ ከጭነት መኪና ባሌስትራ፣ ከማይለመጠው የሞላ ብረት፣ የተቆረጡ ነበሩ። በጾሙ መሀል አንድ ቀጥቃጭ ሠርቶ የሰጣት ብረት ተለምጦ ስለቀረ ነው እናቴ እነዚያን ስትፈልግ የከረመችው።

"እሱማ ቀዩ ላይ አለ" አልኳት።

እግሬን በብረቱ መሀል አሾልኬ ስጋልብ፣ ኮርቻው ሥር በጨርቅ ተጠቅልሎ በካላማዳሪ ቁራጭ የታሰረ ነገር ትከሻዬን ይመታኝ ነበር። አንድ ቀን ፈትቼ አይቼው መልሼ አስሬዋለሁ። ላይ ሆኖ ለሚቀመጥ ሰው አይታይም። እናቴ ያን ብስክሌት ጠዋት ስታወጣ ማታ ስታስገባ ነው የከረመችው። እቤት እንደገባን አስነካኋት። ጨርቁን ፈትታ ሁለቱን ብረቶች መዳፏ ላይ አደረገችና አባቴ ይይዝበት የነበረው ቦታ እየለሰለሰ መጥቶ ሲያብለጨልጭ አየች።  ጨርቁን አጣጥፋ ጉያዋ ከተተችው።

በማግስቱ ቀዳም ስዑር ነው። ቄሶቹ የሰጡንን ቀጤማ በግንባራችን ዙሪያ አስረን ግቢ ውስጥ ተቀመጥን። እናቴ አክፍላ ነበር፤ ከዓርብ ጀምሮ እህልም ውኃም አልቀመሰችም። ጋሽ ታከለ ለሌላ ቀን አቆዪው ቢሏት ሌላ ቀን የለኝም አለች።

ማውለቁ ቀላል ሆነ። አየሩን አስተንፍሳ ጎማውን ግራና ቀኝ ተጫነችው። አንዱን ብረት ከጠርዙ ሥር አስገብታ ወደ ታች ጣለችውና እኔ ያዝኩት። ሁለተኛውን ትንሽ ፈቀቅ አድርጋ አስገብታ ዙሪያውን ነዳችው። ጎማው እየተላጠ ወጣ።

"አየሽ" አሉኝ ጋሽ ታከለ። "አንዱ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሌላው ይሰርቃል። ሌባ የተባሉት ለዚህ ነው።"

እናቴ ቀና ብላ፣ "ጋሼ፣ ይቺን ልጅ እንደገና አያስቷት" አለቻቸው። የተፈጠረውን ነግራቸው ነበርና ሽማግሌው በሳቅ ዱካቸው ላይ ተወዛወዙ።

መግጠሙ ላይ ግን ሳቁ ቆመ። የአዲሱ ጎማ ጠርዝ ውስጡ ሽቦ አለ። የደብረ ታቦር ብርድ ደግሞ ጎማንም ያደርቃል። እናቴ የብረቱ ክብ፣ ቸርኬው ላይ ዙሪያውን አስገብታ መጨረሻው ላይ አንድ ስንዝር ያህል ቀረ። አልገባ አለ። በአውራ ጣቷ ገፋች፤ በዚህ ሲገባ በዚያ ይወጣል። በመጨረሻ ሌባውን አንስታ በኃይል አስገባችው። ገባ። ደስ ብሎን መንፋት ስንጀምር ውስጡ ሲስ አለ። ብረቱ ካላማዳሪውን ከቸርኬው ጋር ነክሶ በስቶታል። አወለቀች፣ በማስቲሽ ለጠፈች፣ እንደገና ገጠመች። እንደገና ሲስ አለ።

ጋሽ ታከለ የተቆለመሙ ጣቶቻቸውን እያዩ ቆዩ። የሚያውቁትን በእጃቸው ማሳየት አለመቻላቸው ሲከብዳቸው ያን ቀን ነው ያየሁት።

"ሌባ ለማውጣት ነው፣ እንጉዳይ" አሉ ቀስ ብለው። "ለማስገባት ካስጠጋሽው የሚሰርቀው አንቺን ነው። መግቢያው በእጅ ነው።"

"እጄ አልቻለማ፣ ጋሼ።"

"ይችላል። ጎማውን ፀሐይ ላይ አውጪው። ሳሙና በጥብጪ።"

ጎማው ድንጋይ ላይ ተሰጥቶ እስኪሞቅ ድረስ እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ደርቆ ነበር። ጋሽ ታከለ ዱካቸውን ወደ እሷ አስጠግተው ነገሯት። ቸርኬው መሀሉ ጎድጎድ ያለ ነው። አየር ከሚገባበት ተቃራኒ ጀምረሽ ጠርዙን እዚያ ጎድጓዳው ውስጥ አስተኚው። እዚያ የሚተኛው ትርፍ ነው ላይኛውን የሚያላላልሽ። መጨረሻውን አየር መግቢያው ላይ ጨርሺ። አትቸኩዪ።

እናቴ ዓይኗን ገልጣ፣ "ልክ እንደ ጋቢ ነው" አለች።

እሳቸው አልገባቸውም። እኔ ግን ገባኝ። አባቴ ካረፈ ጀምሮ እናቴ የሰው ጋቢ ታጥብ ነበር። ወንዝ አብሬያት እወርዳለሁ። ወፍራም ጋቢ ሲረጥብ በጣት አይጨመቅም። በሁለት መዳፍ ተይዞ፣ ከታች ጀምሮ ውኃው ወደ አንድ ጫፍ እየተነዳ፣ ያለፈውን ሳይለቁ ነው የሚጨመቀው። ከለቀቁት ውኃው ይመለሳል።

ጎማውን አመጣሁላት። በሳሙናው ቀባችው። ቸርኬውን ሆዷ ላይ አስደግፋ፣ ከታች በሁለት መዳፏ ጨብጣ፣ ሁለቱንም እጆቿን በግራና በቀኝ ወደ ላይ እየጠመዘዘች ነዳቻቸው። ያለፈችውን ሳትለቅ። እጆቿ ላይኛው ጋ ሲገናኙ የቀረው የሦስት ጣት ያህል ነበር። ትንፋሿን ያዘች። የመዳፏን ተረከዝ አስደግፋ ወደ ፊት ጠቀለለችው። ጎማው ድምፅ ሰጥቶ ገባ።

ነፋን። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ሲስ የለም።

ጋሽ ታከለ፣ "ከየት ተማርሽው?" አሏት።

"ከወንዝ" አለች።

የቀሩትንም እስኪመሽ ገጠመች። ሁሉም በአንድ ጊዜ አልሆኑም፤ ትንሿ በተለይ አስለቀሰችን። ግን ሆኑ።

አጎቴ አያ ምስጋናው የመጡት በፋሲካ ማግስት ነው። ዶሮና እርጎ ይዘውልን፣ መንገድ ላይ ደግሞ ወደ አንበሳሜ የሚመለስ የጭነት መኪና ሹፌር አነጋግረው መጡ። ሹፌሩ ገበያ ደርሶ ሲመለስ ብስክሌቶቹን ሊጭን ተስማምቷል። ይህን ሲነግሯት እናቴ እግራቸውን እያጠበች ነበር። እሺ አለች። ከዚያ ወጥተው እንዲያዩ ጋበዘቻቸው።

ሜዳው በልጆች ተሞልቶ ነበር። አዲስ ልብስ ለብሰው ይጋፋሉ። አረንጓዴው ይዞራል፤ ትንሿ ትዞራለች። አጎቴ አባቴ ይቀመጥበት የነበረው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው አልተፈታም። ሊያዩ የመጡት ደህናው ጎማ ሲዞር ሳይሆን የተበሳውን ማን እንደሚገጥም ነበር።

ብዙም አልቆየም፤ አንድ ልጅ ቀዩን እየገፋ መጣ። የፊቱ ጎማ መሬት ላይ ተኝቷል። ልጁ እሾህ ነው፣ እኔ አይደለሁም እያለ ከሩቅ ይምላል። እናቴ አልተቆጣችም። ሳሙና አምጪ አለችኝ።

ብስክሌቱን ገልብጣ የፊቱን ጎማ ብሎኖች ፈታች። ሁለቱን ብረቶች አስገባች፤ አወለቀች። እሾሁን በጣቷ ዳብሳ አወጣችና ካላማዳሪውን ለጠፈች። አጎቴ ከድንጋዩ ሆነው ያያሉ። ልጆቹም ከብበው ያያሉ። ቸርኬውን ሆዷ ላይ አስደግፋ ከታች መንዳት ጀመረች። እጆቿ የቅዳሜው ድካም አልለቀቃቸውም፤ መዳፏ ተላጥቷል። መጨረሻው ላይ ስትደርስ የታችኛው እየሾለከ ወጣ። እኔ ተጫንኩት፤ ኃይሌ አልበቃም። እንደገና ጀመረች። እንደገና ሾለከ። ከልጆቹ አንዱ ሳቀ።

አጎቴ ተነሡ። የሚሄዱ መሰለኝ። ጋቢያቸውን አጣጥፈው ድንጋዩ ላይ አስቀመጡና እናቴ ፊት በጉልበታቸው ተንበረከኩ።

"እኔ ልያዘው" አሉ። "የቱን ልጫን?"

"ይቺን፣ አያ። ወደ መሀል ይግፉልኝ።"

"እንዲህ?"

"እንደሱ። አይልቀቁ።"

አልለቀቁም። የገበሬ መዳፍ ነው፤ ሞፈር የያዘ። እናቴ ትንፋሿን ይዛ ጠቀለለችው፤ ገባ። አጎቴ በየት እንደገባ ለማየት ጣታቸውን ዙሪያውን አስኬዱ። ከዚያ መንፊያውን ከእኔ ተቀብለው ራሳቸው ነፉ። እናቴ ይበቃል እስክትላቸው ድረስ ነፉ።

መኪናው ከአጥሩ ወዲያ ክላክስ አደረገ። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ የሚጫነው የቱ ነው ብሎ ጠየቀ። አጎቴ ጋቢያቸውን አንስተው ወደ መንገዱ ወጡ። እጃቸው ላይ የቀረውን የሳሙና አረፋ በሱሪያቸው ጠረጉ።

"የሚጫን የለም" አሉት። "እኔው ብቻ ነኝ።"

መኪናው ሲሄድ እናቴ ብድግ ብላ አንድ ጊዜ አማተበች። ከዚያ ወደ ተሰለፉት ልጆች ዞረች።

"የማን ተራ ነው?" አለች።